ሽሮ ለምን ጋቢ ላይ ሸና?

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፈው ነገር ለብዙ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሽሮ የሚባል ወንድ ድመት አለኝ። ቀለሙን አይቼ ነው ስሙን ያወጣሁለት። ዘንድሮ 15 ዓመት ሞላው። ከእንስሳት መጠለያ ያመጣሁት ስቱዲዮ ተከራይቼ፣ ማታ ማታ እየሠራሁ ብቻዬን ስኖር ነው። ያኔ ከሥራ ስገባ በር ላይ የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነበር። አግብቼ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ፣ ቤት ቀይረን አሁንም አብሮን አለ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከሊተር ቦክሱ (አሸዋ ካለበት መጸዳጃው) ውጪ ሸንቶ አያውቅም።

ከጥቂት ወራት በፊት እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። ፎቅ ላይ ያለችውን ትንሿን ክፍል ለእሷ ሰጠናት። የሽሮ ሊተር ቦክስ እዚያ ክፍል ውስጥ ስለነበር ቤዝመንት (ምድር ቤት)፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ አወረድነው። ሽታው እንዳያስቸግራት ብለንም ክዳን ያለው አዲስ ቦክስ ገዛን። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ፎቅ ያለው መታጠቢያ ቤት ምንጣፍ ላይ ሸና። ቀጥሎ ከፎቅ የሚያወርደው ደረጃ ሥር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እናቴ ክፍል ገብቶ ጋቢዋ ላይ። ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው ጋቢ ነው።

እናቴ ‹ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ እኔን ስለጠላኝ ነው› ትላለች። ቤቱን በበረኪና ስታጥብ ነው የምትውለው። ባለቤቴ ‹አርጅቷል፣ መርፌ ይወጋና ይረፍ› ይላል። ልጆቹ ይህን ሰምተው አለቀሱ። እኔ ደግሞ ጋቢው የተበላሸ ዕለት ጮኽኩበት፤ አንገቱን ይዤ ሽንቱን አሸተትኩት። አልጋ ሥር ገብቶ እስከ ማታ አልወጣም። ድሮ አልጋዬ ላይ ዘሎ ይወጣ ነበር፤ አሁን እሱንም ትቷል። የሚወደው ውሃ ብቻ ሆኗል። ሳህኑን በቀን ሁለቴ እሞላለታለሁ፤ ድሮ አንዴ ይበቃው ነበር።

ጓደኞቼ ‹ለድመት ብለሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?› ስለሚሉኝ ለማንም አላወራም። እውነት እየተበቀለን ነው? ለሰው ልስጠው? ላስወጋው? እባካችሁ ምከሩኝ።

ስ. ከአሌክሳንድሪያ»

ውድ ስ.፣

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀሽን ላስቀድም። ሽሮ እየተበቀላችሁ አይደለም። እናትሽንም አልጠላም። ድመት ሲከፋው ይደበቃል፣ ይቧጭራል፣ ምግብ ይተዋል። ‹ቆይ ብቻ› ብሎ ጋቢ መርጦ አይሸናም። 15 ዓመት ሙሉ ንጹሕ ሆኖ የኖረ ድመት ድንገት ሲለወጥ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ጤናው ነው። እናትሽ የጠቀሱትን ተረት ይዘን ብንሄድም የሽሮ አመል ቦክሱ ውስጥ መሽናት ነው። ይህን አመሉን ምን አስረሳው?

ስለጮኽሽበት ራስሽን አትቅጪ። ደክሞሽ ነበር፣ የእናትሽም ጋቢ ነው። ብቻ አትድገሚው። ድመት ቁጣውን ከሽንቱ ጋር አያይዞ አይረዳውም። የሚገባው አንቺ እንደምታስፈሪ ነው። የፈራ ድመት ደግሞ ተደብቆ መሽናት ይጀምራል፤ ያኔ ነገሩ ይብስብሻል። ዛሬ ማታ ወለሉ ላይ አጠገቡ ቁጭ በይ። አትጎትቺው፣ ራሱ ይምጣ።

ጓደኞችሽ የሚሉትን በተመለከተ፣ ሰው አገር ብቻውን የኖረ ሰው በር ላይ የሚጠብቀው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገብሽ ይኖራል ብዬ አስባለሁ። እሱን ፈልጊና አውሪው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ግን ከመልሱ ብዙውን ራስሽ ጽፈሽዋል። ለምሳሌ ውሃውን። ያረጀ ድመት ውሃ ማብዛት ሲጀምር በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ብዙ የጠጣ ብዙ ይሸናል፤ ብዙ የሚሸና ቦክሱ ጋር ሳይደርስ ያመልጠዋል። ከጀርባው ብዙ ጊዜ የኩላሊት ድካም አለ፤ ወይ ስኳር፣ ወይ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት። ሦስቱም በዕድሜ የገፉ ድመቶችን በብዛት የሚይዙ በሽታዎች ናቸው። ከሦስቱ ስኳርና ታይሮይድ ድመቱ በደንብ እየበላ ያከሱታል። ሽሮ ከስቷል? ጀርባው ላይ እጅሽን ስታሳልፊ አጥንቱ ይቆጠራል? ሌሊት ይጮኻል? ክብደቱን ቤት ውስጥ ማወቅ ትችያለሽ። ብቻሽን ሚዛን ላይ ውጪ፤ ከዚያ አቅፈሽው ውጪ። ልዩነቱ የእሱ ነው።

አልጋሽ ላይ መውጣት መተዉን የጻፍሽው እንደ ቅያሜ ቆጥረሽው ይመስለኛል። እኔ ግን መገጣጠሚያውን እንደሚያመው እጠረጥራለሁ። አሜሪካ ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸው 100 ድመቶች ራጅ ታይቶ 90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ መበላሸት ተገኝቷል። ድመት ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። እንደ ውሻ አያነክስም፣ አያለቅስም። ያደርግ የነበረውን ነገር ዝም ብሎ ይተዋል። አልጋ ላይ መዝለል ይተዋል፤ መስኮት ላይ መቀመጥ ይተዋል። ደረጃ መሀል ላይ ቆም ይላል? ታች ጀርባው አካባቢ ጠጉሩ ተቋጥሯል? እዚያ ድረስ ዞሮ መላስ ሲያቅተው ነው እንደዚያ የሚሆነው። ጥፍሩ ረዝሞ ወለል ላይ ሲራመድ ቀጭ ቀጭ ይላል?

አሁን ሽሮ ሽንቱ ሲመጣ የሚሄደውን መንገድ አንቺ ራስሽ ሂጂበት። ከፎቅ ተነሺ። አንዱን ደረጃ ውረጂ፣ ሳሎኑን አቋርጪ፣ ሁለተኛውን ደረጃ ወደ ቤዝመንት ውረጂ። ከዚያ ከፍ ያለ አፍ ባለው ክዳን ውስጥ መግባት አለ። አጠገቡ ልብስ ማጠቢያው ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል። እናትሽ ጉልበታቸውን ያማቸው እንደሆነ አላውቅም። ግን ለአንድ ጉልበት ለሚያመው ሽማግሌ ‹ሽንት ቤቱ ሁለት ፎቅ ታች ነው፣ የሚገባውም በመስኮት ነው› ብንለው ስንት ቀን ይችላል?

በዚህ ዓይን ካየሽው የሸናባቸው ቦታዎች ትርጉም ይሰጣሉ። ደረጃው ሥር የሸናው ከፎቅ ወርዶ የቀረውን መንገድ ስላልቻለው ሊሆን ይችላል። የመታጠቢያ ቤቱ ምንጣፍ ለስላሳ ነው፤ የታመመ መዳፍ ለስላሳ ነገር ይወዳል። የእናትሽ ክፍል ደግሞ ለዓመታት የእሱ ሽንት ቤት ነበር! እኛ የማይሸተን ሽታ ለእሱ አሁንም እዚያ አለ። ወደ ድሮ ቦታው ሄደ፣ ቦክሱ የለም፣ ጋቢ ተዘርግቷል። እናትሽ ላይ ያደረገው ነገር የለም። ይህን እሳቸው እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።

በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪም መደወል አለብሽ። ስትደውዪ ‹ትንሽ ከቦክሱ ውጪ ይሸናል› ብቻ አትበይ። ‹15 ዓመቱ ነው፣ ወንድ ነው፣ ውሃ ያበዛል፣ መዝለል ትቷል፣ ከቦክሱ ውጪ መሽናት ጀምሯል› በያቸው። ስትሄጂ የሽንት ምርመራ፣ የደም ምርመራ ከነታይሮይዱ፣ የደም ግፊት ልኬት ይደረግለት እንደሆነ ጠይቂ። ኩላሊቱን በተመለከተ ደም ውስጥ የሚለካው ክሬአቲኒን የሚባለው ነገር ከፍ ብሎ የሚታየው ኩላሊቱ ብዙ ከተጎዳ በኋላ ነው። ኤስዲኤምኤ የሚባለው ምርመራ ቀደም ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ እሱ ይካተት እንደሆነ ጠይቂ። የደም ግፊት ያልኩሽ ኩላሊትና ታይሮይድ ግፊቱን ከፍ አድርገው የድመት ዓይን ስለሚያጠፉ ነው። ማየት የተሳነው ድመት ደግሞ ቦክሱን አያገኘውም። በጣም ያረጁ ድመቶች ላይ የመርሳት ችግርም ይመጣል። ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የሚቆም፣ ሌሊት ያለምክንያት የሚጮኽ ከሆነ ንገሪያቸው።

ገንዘቡ እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ። የእንስሳት ሕክምና እዚያ ርካሽ አይደለም። ምንም ነገር ከመደረጉ በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ ጠይቂ። ‹አቅሜ ይህን ያህል ነው፤ ዛሬ የግድ የሚያስፈልገው የቱ ነው?› ማለት ነውር የለውም። ሐኪሞቹ ይህን ጥያቄ ለምደውታል።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ስልክሽን ተጠቀሚ። ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ፣ ቦክሱ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ቪዲዮ ቅረጪው። ክሊኒክ ሲደርስ ፈርቶ ጭብጥ ስለሚል ሐኪሙ አረማመዱን ማየት አይችልም። የት እንደሸና፣ በስንት ሰዓት፣ ኩሬ የሚያክል ይሁን ጠብታ፣ ጻፊ። አሸዋውን ስትጠርጊ በሽንት የተጣበቁትን የአሸዋ ጓሎች ልብ በይ። ትላልቅ ከሆኑ የሽንቱ መጠን በዝቷል ማለት ነው፤ ወደ ኩላሊትና ስኳር ይጠቁማል። ትንንሽና ብዙ ከሆኑ ደግሞ ፊኛው ላይ ችግር ሊኖር ይችላል። ዓይነ ምድሩ ደርቆ ከሆነም ጻፊው። ሲያምጥ ያመመው ድመት ቦክሱን ራሱን ይፈራዋል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ሽሮ ቦክሱ ጋር እየተመላለሰ ሲያምጥ፣ ሲጮኽ፣ ሽንት ግን ሳይወጣው ወይም ጠብ ጠብ ብቻ ሲልለት ካየሽ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል። ይህ ወንድ ድመቶች ላይ የሚመጣ አደጋ ነው። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ሌሊትም ቢሆን፣ እሑድም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክሊኒክ ውሰጂው።

አሞታል ብለሽም ከቤት መድኃኒት አትስጪው። ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድለው ይችላል። አድቪልም (አይቡፕሮፌን) እንደዚያው። ለመገጣጠሚያ ሕመም የራሱ ሕክምና አለ። ሶሌንሲያ የሚባል በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የፈቀደው ነው። ለሽሮ ይሁን አይሁን የሚወስነው የደሙን ውጤት ያየ ሐኪም ነው።

ቦክሱ ግን ሐኪም አይጠብቅም። ዛሬውኑ ፎቅ ላይ አንድ አስቀምጪለት። የእናትሽ ክፍል መሆን የለበትም፤ መታጠቢያ ቤቱ ወይም የኮሪደሩ ጥግ ይበቃል። ሳሎን ባለበት ፎቅም ሌላ አንድ። የቤዝመንቱ ባለበት ይቆይ፤ ክዳኑን ግን አንሺው። አዲስ ውድ ቦክስ መግዛት የለብሽም። ልብስ የሚቀመጥበት ሰፊና ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ሳጥን ግዢ፣ አንዱን ጎን ከወለሉ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር አስቀርተሽ ቁረጪው። የተቆረጠውን ጠርዝ ቴፕ ለጥፊበት፣ እንዳይቧጭረው። ርዝመቱ ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ ያለውን አንድ ተኩል እጥፍ ቢያክል እንደ ልቡ ይዞርበታል። አሸዋው ደቃቅና ሽቶ የሌለው ይሁን። ሽቶው ለእኛ እንጂ ለእሱ አይመቸውም። ጠዋትና ማታ ጥረጊው። ማታ ማታ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት ተይለት። አሁንም ጠርዙ ላይ ከሸና ሥሩ ለቡችላ የሚሸጠውን የሽንት መምጠጫ አንጥፊ።

በረኪናው ዛሬ ይቁም። ይህን አጥብቄ የምልሽ ስለ ሽሮ ብቻ አይደለም። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፤ በረኪና ሲገናኘው የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል። ያንን አየር ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱት እናትሽ ናቸው። በዚያ ላይ የበረኪና ሽታ ቢሸፍነውም የሽንቱ ሽታ ለድመት አፍንጫ አይጠፋም። የቤት እንስሳት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ኢንዛይም ያለው የሽንት ማጽጃ አለ። መጀመሪያ ሽንቱን በጨርቅ ጫን እያደረግሽ ምጠጪው፤ አትፈትጊው። ከዚያ ማጽጃውን በደንብ አርከፍክፊና ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ ተዪው። በእናትሽ ክፍል ድሮ ቦክሱ የነበረበትን ቦታም እንዲሁ አድርጊ። ጋቢውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው፣ ማጽጃውን አስነክሪው፣ በለስላሳ ሳሙና እጠቢውና አየር ላይ አስጪው። ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ማድረቂያ ውስጥ አትክተቺው፤ ሙቀቱ ሽታው ጨርቁ ውስጥ እንዲቀር ያደርገዋል።

ጋቢውን ያጠብሽው አንቺ መሆንሽን እናትሽ ይወቁ። አጥፈሽ ራስሽ ስጫቸው። ያን ጊዜ ቡና አፍልተሽ ነገሩን አስረጃቸው። ክፍሉ የሽሮ ሽንት ቤት እንደነበር፣ እግሩን ሳያመው እንደማይቀር፣ መንገዱ እንደራቀበት። አገር ቤት ድመት አይጥ ይይዛል፣ ደጅ ይሸናል፣ ቤት ውስጥ ሽንት ቤት አይሠራለትም። ስለዚህ የሚያዩት ነገር ሁሉ አዲስ ነው፤ ክፉ ሆነው አይደለም። ክፍላቸው እንዲዘጋ ከፈለጉ ይዘጋ። መብታቸው ነው። ማጽዳቱም ከእንግዲህ የአንቺና የባለቤትሽ ሥራ ይሁን።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናንተ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስትሆኑ እናትሽ ቀኑን ከማን ጋር ነው የሚውሉት? አዲስ አበባ ጎረቤት ነበራቸው፣ ቤተ ዘመድ ነበራቸው። አሁን በማያውቁት ቤት፣ ከታመመ ድመት ጋር ናቸው፤ የያዙት ጋቢም ተበላሸ። ንዴታቸው ሁሉ የሽሮ ላይሆን ይችላል። ‹እማዬ፣ ከመጣሽ እንዴት ነሽ?› ብለሽ ጠይቂያቸውና ድመቱን ሳታነሺ አዳምጫቸው። ቅዳሜ ከእሳቸው ጋር መውጣት፣ ቤተ ክርስቲያን መውሰድ፣ እኩያ ጓደኛ ማገናኘት ትችያለሽ?

ባለቤትሽን እንደ ጨካኝ አትይው። ‹ይረፍ› ያለው ሽሮ የሚሰቃይ መስሎት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቤቱ ሰላም እንዲያገኝ ፈልጎ። የቱ እንደሆነ ጠይቀሽዋል? ልጆቹ በሌሉበት አውሩ። ‹የምርመራው ውጤት እስኪመጣ፣ ከዚያም አዲሶቹን ቦክሶች አንድ ወር እስክንሞክር ታገሠኝ› በይው። የጊዜ ገደብ ያለው ልመና ለሰሚ ይቀላል።

ማስወጋት ምሕረት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምግብ ሲተው፣ ራሱን መላስ ሲያቆም፣ ተደብቆ ሰው ሲሸሽ፣ መጥፎ ቀኖቹ ከደህና ቀኖቹ ሲበልጡ። ያ ቀን ከመጣ ከሐኪሙ ጋር ትነጋገራላችሁ፤ የሚወሰነው ግን በእሱ ሥቃይ እንጂ በምንጣፉ አይደለም። ምን እንደያዘው እንኳ ገና አላወቅንም። ለሰው መስጠቱን በሐቅ ልንገርሽ። 15 ዓመት የሆነውን፣ ቤት ውስጥ የሚሸና ድመት የሚወስድ ሰው ማግኘት በጣም ከባድ ነው። አዲስ ቤትም ይበልጥ ያደናግረዋል። ደጅ ማውጣትማ አይታሰብ።

ከሕክምናው በኋላ ሁሉም እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልሽም። የፊኛ ኢንፌክሽን ከሆነ ይድናል። ታይሮይድና ስኳር በመድኃኒት ይያዛሉ። የኩላሊት ድካም ግን አይጠፋም፤ እየባሰ መሄዱ ይዘገያል፣ አብረሽው ትኖሪያለሽ። አልፎ አልፎ ያመልጠው ይሆናል። ያኔ ማጽጃው እጅሽ ላይ ነው፣ ምክንያቱንም ታውቂዋለሽ።

ለልጆቹ እውነቱን ንገሪያቸው። ሽሮ ሽማግሌ እንደሆነ፣ ሳይታመም እንዳልቀረ፣ ሐኪም እንደሚያየው። የሚሠሩት ነገርም ስጫቸው። ጠዋት የሽሮን ውሃ በመለኪያ ኩባያ ለክተው ይሙሉ፤ በማግስቱ የቀረውን ለክተው ወረቀት ላይ ይጻፉ። ለሐኪሙ የሚጠቅም ቁጥር ነው፤ ያንን ወረቀት ቀጠሮው ላይ ይዘሽ ሂጂ። ውጤቱ ሲደርስሽ ጻፊልኝ። ኩላሊቱ ከሆነ ስለ ምግቡ ብዙ የምንነጋገረው አለ።